ሰሚ የሌለው ዲስኩር
በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ስለሚሰጠው የንግግር ትምህርት የቀረበ ሂስ

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ የሚገኘው የወለቃ መንደር በሸክላ ሥራው የታወቀ ነው። መንደሩ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤላውያን መኖሪያ የነበረ ሲሆን፣ ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ይተዳደሩ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሲሄዱ የሸክላውን ሥራ ጎረቤቶቻቸው ይዘው ቀጥለዋል። ከዚህ መንደር ብዙ በማይርቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ አዲስ ገቢ ተማሪ ሐሳቡን መግለጽ እንዲለምድ ታስቦ የመግባቢያ እንግሊዝኛ ትምህርት በሁለት ክፍል ይሰጠዋል። አንድ ተማሪ ይህን ትምህርት በከፍተኛ ውጤት ቢያጠናቅቅና በማግስቱ ወለቃ ሄዶ በሸክላ ሠሪዎች ፊት ስለ ልጆች ክትባት ለሩብ ሰዓት ተናገር ቢባል፣ ከተማረው ውስጥ የትኛው ይረዳዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ሥርዐተ ትምህርት ለሚያቅዱ ሰዎች የሚያስደስት አይደለም።

የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ለዓመታት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር ይህ ኮርስ ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ማስተማሪያ ጽሑፉ ጤናን፣ ባህላዊ እሴቶችን፣ የዱር አራዊትን፣ የሕዝብ ብዛትን በመሳሰሉ አርእስት የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየርእሱ ሥር ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ ሰዋስው፣ መናገርና መጻፍ ይገኛሉ። አርእስቱ መልካም ናቸው። አዘጋጆቹም በከንቱ አልደከሙም፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በቋንቋው ያልበረታ ተማሪ ሌላውንም ትምህርት መከተል ይቸግረዋል። ስለዚህ ነቀፌታው እንግሊዝኛ በመሰጠቱ ላይ አይደለም። ነቀፌታው፣ ንግግር በዚህ ኮርስ ውስጥ ከቋንቋ ልምምዶች እንደ አንዱ ብቻ መቈጠሩ ነው። ተማሪው ስለ ጤና ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለማን ነው? መምህሩ የሚያዳምጠው የግሥ እርባታ እንዳይሳሳት ነው፤ ጓደኞቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። በክፍሉ ውስጥ ሊያምን ወይም ሊጠራጠር፣ ሊቈጣ ወይም ሊረዳ የተቀመጠ ሰው የለም።

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ 17 የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት፣ ንግግር የሥነ ጽሑፍና የሰዋስው ጭራ ሆኖ መቅረቱ ስላላረካቸው ነበር። ከእነርሱ እጅግ አስቀድሞ አርስጣጣሊስ ንግግርን ከተናጋሪው፣ ከሚነገረው ነገርና ከሰሚው የተሠራ አድርጎ ከፍሎ፣ የንግግሩ ፍጻሜ የሚገኘው በሰሚው ዘንድ መሆኑን አስተምሯል። እነዚያ አሜሪካውያን የሚያስተምሩት ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ እንደነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያ ሁኔታ እንኳ ንግግርን ከቋንቋ ትምህርት መለየት ካስፈለገ፣ መማሪያው ለተማሪው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ በሆነበት ሀገር ምክንያቱ እጥፍ ይሆናል።

ሰሚን ዐውቆ መናገር ምን እንደሆነ ለማሳየት ከባሕር ማዶ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የከለከሉበት ዐዋጅ ለዚህ በቂ ነው። ዐዋጁ ለመነበብ ብቻ ሳይሆን በገበያና በአደባባይ ለመሰማት የተሰናዳ ቃል ነው። የሰሚውን ጠባይ ዐውቆ ይነሣል፤ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው፣ ገበሬው፣ ሌላውም በየሥራው የሚጠራበትን የንቀት ስም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። እዚህ ላይ የአቀነባባሪው ብልኀት ይታያል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ተሰዳቢው ብቻ ሳይሆን ተሳዳቢውም ራሱን ያገኛልና፣ አንጥረኛውን ሲንቅ የኖረው አራሽ የራሱም ሥራ እንደሚናቅ ሲሰማ ወደ ጎን የሚያይበት አይኖረውም። ከዚያ በኋላ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን ያስታውሳል፤ ይህም ሰሚው አስቀድሞ ከሚያምነው ነገር የተነሣ ማስረጃ ነው። ቅጣቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። አንድ የኮሌጅ መምህር ይህን አንድ ገጽ የማይሞላ ዐዋጅ ይዞ ስለ አቀራረብ ቅደም ተከተል፣ ስለ ማስረጃ አመራረጥና ስለ ሰሚ ስሜት ሁለት ሳምንት ሊያስተምርበት ይችላል።

ዐዋጁን ከወለቃ ጋር የሚያገናኘው ነገር ደግሞ ግልጽ ነው። በዚያ አካባቢ ባለሙያው ቡዳ ተብሎ ሲፈራና ሲገለል ኖሯል። «ባለ እጅ» የሚለው ቃል ራሱ በፊደሉ ቢታይ ምስጋና ነው፤ እጀ ብልኅ እንደማለት ነው። በአነጋገሩ ግን ስንት ጊዜ ስድብ ሆኗል! ይህን የማያውቅ ወጣት በቅንነት «እናንተ ባለ እጆች» ብሎ ንግግሩን ቢጀምር የቀረው ሩብ ሰዓት ባከነ ማለት ነው። በአንጻሩ «እናቶቼ፣ አባቶቼ» ብሎ ጀምሮ፣ በምድጃው አጠገብ ያየውን የሸክላ አተኳኰስ ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ቢገባ፣ ባያሳምን እንኳ ይደመጣል። የሰው ልጅ የሐሳብ ልውውጥ የሚባለው ጥናት ሊያስተምር የሚገባው ይህን ነው፤ ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት በሰሚው ጆሮ የቆየ ብዙ ቃል መኖሩን።

የሀገሩ የንግግር ልማድ ሰሚን በሥርዐቱ ውስጥ ያስገባ ነበር። የቅኔ ተማሪ በቆጠራ ያሰናዳውን በነገራ ለመምህሩ አቅርቦ ካሳረመ በኋላ፣ በዘረፋ ጊዜ ምሥጢሩንና ቤቱን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ይቆማል፤ ስሕተቱም ጥበቡም እዚያው ይታወቃል። በተጠየቅ ሙግትም ባለጉዳዩ ዳኛውን ብቻ ሳይሆን በዛፉ ጥላ የተሰበሰበውን ሕዝብ ጭምር ማርካት ነበረበት። ይሁን እንጂ ይህን ልማድ እንዲሁ ማሞገስ አይገባም። በሙግቱ አፈኛው እውነተኛውን የረታበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ቅኔ ቤቱም ለሴቶች በሩን የከፈተው ለጥቂቶች ብቻ ነበር። ጎንደርም የጉባኤ ከተማ ብትሆን፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተደረገው ጉባኤ የሌላ እምነት ተከታዮች፣ ቤተ እስራኤላውያን ጭምር፣ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ የወሰነ ነው። በዚያ ቀን ስለ እነርሱ ብዙ ተነግሮ ይሆናል።

ጉዳዩ ለጎንደር የተለየ ክብደት አለው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲመሠረት፣ ለቦታው መመረጥ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ባለፈው ዓመት በደምብያ የደረሰው የወባ እልቂት ነበር። ኮሌጁም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰልፎ ወደ ገጠር በመላክ ታውቋል። ይህ አሠራር ራሱ የንግግር ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪው ወባ የሚለውን ገበሬው ንዳድ ይለዋል፤ እርሱ በጀርም የተመጣ ነው የሚለውን ትኩሳት እናትየው ምች ነው ትላለች። መርፌውና መድኃኒቱ የሚያልፉት በእነዚህ ቃላት መካከል ነው። ሆኖም ተማሪው በመጀመሪያ ዓመት የተማረው የንግግር ትምህርት ወደዚህ ስፍራ አብሮት አይወርድም።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ክብደትም አለው። ወደ ጎንደር የሚመጣው ተማሪ ሁሉ አማርኛ አፍ መፍቻው አይደለም፤ ከጎንደር ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደውም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ሁሉንም የሚያስተካክል የጋራ ሜዳ ነው ይባላል። ነገር ግን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሕዝቡ ማንበብና መጻፍ የተማረው በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ በኋላም ቁጥራቸው 15 ደርሷል። ያን ያህል ሥራ በችግር ዘመን ከተሠራ፣ በአንድ ሴሚስተር አንዱን ዲስኩር ተማሪው በሚመርጠው ቋንቋ፣ ያን ቋንቋ በሚያውቁ ሰሚዎች ፊት እንዲያቀርብ ማድረግ አይሳንም። ንድፈ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ሊቀጥል ይችላል።

የሚከብደው የውጤት አሰጣጡ ነው። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ሰዋስው ማረም ቀላል ነው፤ ስሕተት ይቈጠራል። ሰሚው ምን እንደተረዳ መመዘን ግን ሰሚውን መጠየቅን ይፈልጋል። ተማሪው በወለቃም ሆነ በሌላ ቀበሌ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ከአዳማጮቹ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የሰሙትን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲነግሩትና ያንኑ ጽፎ ለመምህሩ እንዲያስረክብ ቢደረግ፣ ከመቶው ነጥብ ቢያንስ ሃያው በዚያ ሊሞላ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ቀን መጓጓዣና ከቀበሌው ጋር የሚደረግ ስምምነት ሲሆን፣ የጎንደር የጤና ተማሪዎች ቡድን ይህን መንገድ ቀድሞውኑ ያውቀዋል።