አራት አጽሞች፦ በአሮጌ የፕላስቲክ ምስሎች ቅብና ለውጥ ላይ የቀረበ ሂስ

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንግሊዝ አገር ከሚኖር ወንድሙ የተላከለትን አሮጌ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። በውስጡ የነበረው «ሂሮ ክዌስት» የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ ነው። የወረቀት ክፍሎቹ ግማሾቹ ጠፍተዋል፤ የፕላስቲክ ምስሎቹ ግን አብዛኞቹ ነበሩ። «ለሠልጣኞችህ መለማመጃ ይሆኑሃል» አለኝ። እውነትም ሆኑ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ከጣት ከማይበልጡ ምስሎች ከሠልጣኞቼ ይልቅ የተማርኩት እኔ ነኝ። ይህን ሂስ እንድጽፍ ያነሣሣኝም በአንዲት ሠልጣኝ ሥራ ላይ የሰጠሁት የተሳሳተ ማርክ ነው።

በቅድሚያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በትናንሽ ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ መጫወት በእንግሊዝ አገር የቆየ ልማድ ነው። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ሊትል ዎርስ» በሚል ርእስ የዚህን ጨዋታ ሕግ የያዘ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያን ዘመን ምስሎቹ እርሳስ ከተባለው ማዕድን እየቀለጡ የሚሠሩ ነበሩ። እየቆየም የተረት ዓለም፣ ማለትም ጭራቁ፣ ድንኩ ጦረኛና አስማተኛው ወደ ጨዋታው ገባ። ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 «ዎርሃመር» የተሰኘውን ጨዋታ አወጣ። «ሂሮ ክዌስት» ደግሞ ይኸው ኩባንያ ሚልተን ብራድሌይ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ነው። በሳጥኑ ውስጥ 35 ምስሎች ነበሩ፤ 4ቱ ጀግኖች፣ 31ዱ ጠላቶች። ቀለም ሳይቀቡ ነበር የሚሸጡት፤ ጀግኖቹ ከቀይ ፕላስቲክ፣ ኦርክና ጎብሊን የሚባሉት ጭራቆች ከአረንጓዴ፣ አጽሞቹ ከነጣ ያለ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው።

ለመሆኑ እነዚህ አሮጌ ምስሎች ስለምን ጠፍጣፋ ሆኑ? የፕላስቲክ ምስል የሚወጣው የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ተገፍቶ በሁለት የብረት ፎርማዎች መካከል ሲገባ ነው። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ፎርማዎቹ ግራና ቀኝ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ቀራፂው ወደ ውስጥ የታጠፈና ፎርማው ሲላቀቅ የሚይዝ ቅርፅ እንዳያበጅ ይጠነቀቃል። ክንዱ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ መሣሪያው ከትከሻው ጋር በአንድ ረድፍ ይቆማል። ምስሉ ከፊት ሲታይ ሙሉ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን የሳንቲም ያህል ይሳሳል። ፎርማዎቹ በተጋጠሙበት ቦታም ቀጭን መስመር ይቀራል። ከዚህም በላይ ፎርማው ያንኑ ቅርፅ ስለሚደጋግም፣ በሳጥኑ ውስጥ ያሉት 4 አጽሞች ሁሉም ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ ጨብጠው በአንድ ዓይነት አቋም ይቆማሉ።

ከዚህ የምንረዳው አሮጌው የፕላስቲክ ምስል ያለቀለት ሥራ አለመሆኑን ነው። ፎርማው ያልቻለውን መሙላት የቀቢው ድርሻ ነው። እንግዲህ ሐያሲው «የሳጥኑን ሥዕል ይመስላል ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ፎርማው የነሳውን ሰጥቶታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በዚህ መመዘኛ ሦስት ሥራዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ከካርቶኑ ጋር ተቀብቶ የመጣ ኤልፍ፣ ማለትም ሹል ጆሮ ያለው የተረት ሰው ነው። የቀባው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ከአያያዙ ግን ልጅ ይመስላል። ቀለሙን ሳያቀጥን በወፍራሙ ስለለጠፈው ዓይኑና አፉ ተደፍነዋል፤ የልብሱ እጥፋት ጠፍቷል። ፎርማው የሰጠውን ጥቂት ነገር ቀለሙ መልሶ ወስዶበታል። ማንኛውም ጀማሪ ሊማርበት የሚገባ ስሕተት ነው፤ አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሁለት ቀጫጭን ቅብ መደረብ ይሻላል።

ሁለተኛው ባርባሪያን የተባለው ጡንቸኛ ጀግና ሲሆን፣ አንድ ትጉህ ሠልጣኝ የሳጥኑን ክዳን ሥዕል ከፊቱ አስቀምጦ የቀባው ነው። በመጀመሪያ የመጋጠሚያውን መስመር በምላጭ ፋቀ። መነሻ ቀለም ከቀባው በኋላ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በየስንጥቁ እንዲሰርግ አደረገ። ሲደርቅም ብሩሹን በጨርቅ አራግፎ ፈዘዝ ባለ ቀለም ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ብቻ ዳሰሳቸው። ጥላው ጠለቀ፤ ጡንቻው ወጣ። እጁ የሚደነቅ ነው፤ ከ10 ማርክ 9 ሰጠሁት። ምስሉን አዙሬ ያየሁት ግን ማርኩን ከጻፍኩ በኋላ ነበር። ጀርባው እንዳለ አንድ ወጥ ቡናማ ነው። የወረቀት ሥዕል ጀርባ የለውም፤ ሠልጣኙ ደግሞ ሥዕሉ ያላሳየውን ለማሰብ አልሞከረም። በጨዋታ ጊዜ ጀግናው ወደ ፊት ሲራመድ ባለቤቱ ዘወትር የሚያየው ጀርባውን መሆኑን ስናስብ ጉድለቱ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የአራቱ አጽሞች ሥራ ነው። ይህቺ ሠልጣኝ ከመቀባቷ በፊት ቆረጠች። አንደኛውን አጽም ከደረቱ በታች፣ ሁለተኛውን ከወገቡ፣ ሦስተኛውን ከጉልበቱ ቆርጣ በኮላ በተለወሰ አሸዋ ውስጥ ተከለቻቸው። አራተኛው ሙሉ ቁመናውን ይዞ ቆሟል፤ ነገር ግን አንገቱ ተቆርጦና ዞሮ ስለተጣበቀ ወደ ኋላው፣ ወደ ሦስቱ ይመለከታል። እኔ ያየሁት የተበላሹ አራት ምስሎችን ነበር። «የተሰጠሽ ቅቢ ተብሎ ነው» ብዬ 5 ሰጠኋት።

«መምህር፣ አራት አጽሞች አይደሉም እኮ፤ አንዱ ከመሬት ሲነሣ ነው» አለችኝ።

ይህን ካለችኝ በኋላ እንደገና አየሁት። ፎርማው አንድ ነገር አራት ጊዜ ደግሟል፤ እሷ ድግግሞሹን ጊዜ አደረገችው። የመሰልቸት ምክንያት የነበረው አንድ ዓይነትነት ለታሪኩ አስፈላጊ ሆነ፤ አራቱ የማይመሳሰሉ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አሳብ ባልተሳካ ነበር። የአራተኛው አንገት መዞርም የፎርማውን ጠፍጣፋነት ሰብሮታል። ጨዋታው የሚካሄደው በድንጋይ ወለል ላይ ስለሆነ አፈሩ ከየት መጣ የሚል ተቃውሞ አንሥቼ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ከካርቶን የተቆረጡ የወለል ድንጋዮች በአሸዋው ዙሪያ ተገንጥለው ጋደል ብለው ቆመዋል። እኔ ከመጠየቄ በፊት መልሱን ሠርታዋለች።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። አጥንቱን ያለ ጥላ በነጭ ብቻ ስለቀባችው የጎድን አጥንቶቹ ከርቀት አይለዩም። በራስ ቅሎቹ ላይም የመጋጠሚያው መስመር ሳይፋቅ ቀርቷል። በቅብ ሙያ ባርባሪያኑ ይበልጣታል፤ በአሳብ ግን አይደርስባትም።

በዚህ ላይ የአሮጌ ምስሎች ሰብሳቢዎች የሚያነሡት ክርክር አለ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2021 በሃዝብሮ ኩባንያ እንደገና ሲወጣ ምስሎቹ እንደ አዲስ ተቀርጸው ዝርዝራቸው በዝቷል። የ1989ኞቹን መቁረጥ የማይተካ ነገር ማጥፋት ነው ይላሉ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ቀለም ሊለቅ ይችላል፣ የተቆረጠ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለሆነም እኔ የምከተለው ሕግ ይህ ነው፦ በሳጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ የሆነውን፣ ለምሳሌ ክንፋሙን ጋርጎይል፣ ምላጭ አይንካው፤ በብዛት ያለው ግን ለለውጥ ይዋል። ሠልጣኟ ይህን ሕግ ማንም ሳይነግራት ጠብቃዋለች።

ወደ ማርኩ ልመለስ። ስሕተቴን ስረዳ የማርክ መዝገቡ ተዘግቶ ስለነበር 5ቱ እንዳለ ቀረ። ለሠልጣኟ በክፍል ጓደኞቿ ፊት መሳሳቴን ነገርኳት፤ ማርኩን ግን መመለስ አልቻልኩም። እሷ ነገ መምህርት ሆና ከመስመር የወጣ የተማሪ ሥራ ሲቀርብላት የእኔን 5 ታስታውስ ይሆን፣ ወይስ አራቱን አጽሞች? የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ የእጅ ሥራ ሳርም ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እጠይቃለሁ። ሠሪው የተሰጠው ዕቃ ምን እንደጎደለው አስተውሏል ወይ? ያንን ጉድለት በምን ሞላው? እጁስ አሳቡን ምን ያህል አገለገለው? ከአርአያው ጋር መመሳሰሉን የማየው ከእነዚህ በኋላ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሥዕልና እጅ ሥራ የምታስተምሩ ባልደረቦቼም ማርክ ከመጻፋችሁ በፊት ሥራውን አዙራችሁ ጀርባውን እንድታዩ፣ ሠሪውንም «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ አሳስባለሁ። እኔ የጠየቅሁት ማርኩን ከጻፍኩ በኋላ ነበር።