ጥሎ መውጣትና ለቆ መውጣት

መቼም ሥራ ስለ ማግኘት የማይመክር ሰው የለም። አክስት ትመክራለች፣ የእድሩ ዳኛ ይመክራል፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር «እገሌ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አውጥቷል» ብሎ ይጠቁማል። ሥራ ስለ መልቀቅ ግን የሚመክር የለም። «ልለቅ ነው» ያለ ሰው የትም ቢሄድ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «አብደሃል እንዴ?» ከዚያ ተረቱ ይከተላል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ተረት ደግሞ አያጥረንም፤ ለመቀመጥም ለመነሳትም አለን። ሰውዬው ሰይጣኑን አምስት ዓመት ካወቀው በኋላ አንድ ቀን ጠዋት አለቃው ሲጮህበት ሌላኛው ተረት ትዝ ይለዋል፤ ከነገሩ ጦም እደሩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ይወጣል። በሁለቱ ተረቶች መሃል ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር ያለ አይመስልም።

የዛሬው ወቀሳዬ በዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሥራ የሚለቀቀው በቁጣ ነው፤ አለዚያ ጨርሶ አይለቀቅም።

ሳይለቁ የለቀቁትን ላስቀድም። ብዛታቸው አይጣል ነው። ታውቋቸዋላችሁ፤ በመስኮቱ በኩል ሰላም ስትሉት ቀና የማይለው፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ «አሁን እዚህ ነበር» የሚባልለት፣ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሻይ የሚወጣው። አንድ የማውቀው ሰው 11 ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው መስከረም እለቃለሁ» ሲል ኖሯል። መስከረም በመጣ ቁጥር ምክንያት አይጠፋም፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእህቱ ሠርግ፣ ይደረጋል የተባለ የደመወዝ ጭማሪ። በመቆየቱ አልወቅሰውም። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ልጅ የሚያስተምር፣ ገጠር እናቱን የሚጦር ሰው ሥራን እንደ ሸሚዝ አይቀይርም። የምወቅሰው ጥላቻውን የሚያራግፍበትን ቦታ ነው። የሚጠላው አለቃውን ነው፤ ቅጣቱን የምትቀበለው ግን ሦስት ታክሲ ቀይራ የመጣች ባልቴት ናት። «ነገ ይምጡ እማማ» ይላታል። ነገም ይኸው ነው።

አንዳንዱ ማሰሪያ ደግሞ የወርቅ ነው። የባንክ ሠራተኛ ዘመድ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ባንኮች ለሠራተኞቻቸው ከደንበኛው በእጅጉ ባነሰ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ስንቱ ባለቤት ሆነበት። ነገር ግን ተበዳሪው ከዚያ ወዲያ ሥራውን የቱንም ያህል ቢጠላ ንቅንቅ አይልም፤ ሲለቅ ወለዱ ወደ ደንበኛው ዋጋ ይወጣላ! ባንክ የምትሠራ አንዲት ወዳጄ «ባሌ ቤቱ የኛ ነው ይላል፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ኪራይ ልከፍል የምሄድ ይመስለኛል» አለችኝ። እዚያው ላይ ብትቆም ኖሮ ከላይኛው ሰውዬ ጋር እደምራት ነበር። አልቆመችም። አንድ ቅዳሜ ከባሏ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡና ብትለቅ ወርሃዊ ክፍያው በስንት እንደሚጨምር አሰሉት። ቁጥሩ ቀላል አልነበረም፤ ግን ልክ ነበረው። ከዚያ በኋላ ከስንት ብር በታች የሆነ ቅጥር እንደማትቀበል አወቀች። ማታ ማታ ማስታወቂያ እያየች፣ በእረፍት ቀኗ እየተፈተነች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀባት። ያኔ ለቀቀች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ደንበኛ ላይ እንዳልጮኸች እኔ ምስክር ነኝ፤ ቅርንጫፏ ደንበኛ ነበርኩና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። ለመሆኑ የጠላነው ምኑን ነው? ሥራውን ነው፣ አለቃውን ነው፣ ወይስ ደመወዙን? ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ሰው ግን ሁሉንም «አስጠላኝ» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ሒሳብ የሚጠላ ሰው አራት መሥሪያ ቤት ቢቀይር አራቱም ዘንድ መዝገቡ ይጠብቀዋል። እሱ የሚያስፈልገው ሌላ ሙያ፣ ምናልባትም የማታ ትምህርት ነው። አለቃውን የጠላ ሰው ደግሞ ትንሽ መታገስ ያዋጣው ይሆናል፤ በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አለቃ ይዛወራል፣ ይሾማል፣ ይሻራል፤ በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ነባር ናቸው። ደመወዙን የጠላ ሰው እንኳ ወይ ጠይቆ ያስጨምራል፣ ወይ ሌላ ይፈልጋል፤ የእሱ በሽታ ስሙ የታወቀ ነው።

መታገስ የሌለበት አለቃ ግን አለ። ሴት ሠራተኛውን የሚተነኩሰውን ማለቴ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ «ቻይው፣ ቀን ያልፋል» የሚሉ መካሪዎች ይገርሙኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን ማቋረጥ እንደምትችል ይደነግጋል። ይህ መብት ታዲያ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። «ቀን ያልፋል» የሚሉት መካሪዎች የሚያሳልፉባት ይህቺኑ ቀን ነው።

ወደ ቁጡዎቹ ልመለስ። አንድ ወዳጄ በግል ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ከአሥር ወር ሠራ። አንድ ሰኞ በስብሰባ ላይ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ተናገረና በሩን ወርውሮ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ቡና የተጠጣው በእሱ ወሬ ነው፤ ጀግና ተባለ። እንግዲህ እናስላው። አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል፤ ሳይሰጥ የሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሣ ከቀሪ ክፍያው ላይ ሊቆረጥበት ይችላል። በፈቃዱ የሚለቅ ሰው የስንብት ክፍያ የሚጠይቀው ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው፤ ድርጅቱ አስተምሮት ለማገልገል የገባው ውል ካለም አያገኝም። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል። ወዳጄ ሁለት ወር ታግሶ፣ ደብዳቤውን ጽፎ ቢወጣ ኖሮ የሁለት ወር ከአሥር ቀን ደመወዝ ያህል መጠየቅ ይችል ነበር። የማስጠንቀቂያውን አንድ ወር ጨምሩበት። የአሥር ደቂቃ ንግግር በሦስት ወር ከአሥር ቀን ደመወዝ! ይህን የሚያወጣ ንግግር የለም አልልም። የእሱ ግን አያወጣም፤ ደጋግሞ ነግሮኛልና አውቀዋለሁ።

ያ ሁሉ አልፎ በሦስተኛው ሳምንት የሥራ ልምድ ማስረጃ ሊጠይቅ ያንኑ የወረወረውን በር አንኳኳ።

አሠሪዎችም ከወቀሳው አያመልጡም። እኛ አገር የሚለቅ ሠራተኛ እንደ ከዳተኛ ነው የሚታየው። «ምን አጎደልንብህ?» ይባላል፤ ልክ እንደ ፍቺ። የአሥር ዓመት አገልግሎቱ በአንድ ቀን ይረሳና ከስብሰባ ይቀራል፣ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ባልደረቦቹ እንኳ በአለቃው ፊት ከእሱ ጋር ሻይ መጠጣት ይፈራሉ። የሥራ ልምድ ማስረጃው ደግሞ መያዣ ይሆናል። አዋጁ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ ስጥ ይለዋል፤ ሥራ እንዲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ። ክፍያውንም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ጨርስ ይለዋል። ይህን የሚያውቅ የሰው ሀብት ኃላፊ እየሳቀ «ፈራሚው መስክ ወጥተዋል» ይላል። ከዚያ «ሠራተኛ አይበረክትልንም» ብሎ በዓመቱ ስብሰባ የሚያዝነው እሱ ራሱ ነው።

ስለ ደብዳቤው ትንሽ ልበል። አራት ገጽ መልቀቂያ አይቻለሁ። አንዱ ገጽ የጸሐፊው የሕይወት ታሪክ፣ ሦስቱ የአለቃው ነውር። ደስ ይላል ሲጻፍ። ችግሩ አለቃው በዓመቱ ተነሣ፤ ደብዳቤው ግን ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አዲስ ቀጣሪ ስልክ ሲደውል የሚገለጠው ፋይል ያ ነው። ነውሩ እውነት ከሆነ የሚቀርብበት ሌላ ቦታ አለ፤ የሥራ ክርክር ችሎትም ፖሊስ ጣቢያም አልተዘጋም። ለመልቀቂያ ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ፣ በእጄ ያለውን ሥራ አስረክባለሁ፣ ስለነበረን ጊዜ አመሰግናለሁ። ምስጋናው ቢጎመዝዝም ይጻፍ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፤ ቅጂውን ይዛችሁ ውጡ። ከደመወዛችሁ በየወሩ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲጨምርበት የኖረው የጡረታ መዋጮ በእርግጥ በስማችሁ ገቢ መሆኑን እዚያው ሳላችሁ ጠይቁ። ከወጡ በኋላ መጠየቅ ሌላ ጣጣ ነው።

ሠላሳዋ ቀን ራሷ ረጅም ናት፤ ግማሹ ሰው በእሷ ውስጥ ሥራ ያቆማል። ተተኪ ሆና የምትመጣው ልጅ ፋይሉ የት እንዳለ ሳታውቅ ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ባልቴቷ እንደገና «ነገ ይምጡ» ትባላለች።

እኔም አንድ ጊዜ ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት ስለቅ የክሊራንስ ቅጽ ተሰጠኝ። 14 ፊርማ ይጠይቃል። ንብረት ክፍል ፈረመ፣ ሒሳብ ፈረመ፣ ጋራዥ ፈረመ፤ መኪና መንዳት አልችልም። 11ኛው «ቤተ መጻሕፍት» ይላል። መሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኖሮት አያውቅም። ይህንኑ ለኃላፊዋ ባስረዳ «ታዲያ ሳይፈረም እንዴት አድርጌ ልልቀቅህ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተጨንቀው። ዘጠኝ ቀን ተመላለስኩ። በአሥረኛው ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ቅጹን ተቀበለችኝና «አሮጌ ጋዜጦቹ ያሉት እኔ ዘንድ ነው» ብላ ፈረመችልኝ።