የጄምስ ብሩስ አምስተኛ ቅጽ ለመዝገበ ቃላት ያለው ጥቅምና ጉድለት

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ የአገራችንን ዕፅዋትና እንስሳት ከነሥዕላቸው የያዘ ነው። በዚያ ዘመን የአውሮጳ መኳንንት ከሩቅ አገር የመጣ ብርቅ ነገር ሁሉ በየቤታቸው ያከማቹ ነበር፤ ዕቃው ከአገሩ ሲነቀል ግን ስሙ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ብሩስ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ እንሰትንና አሽኮኮን በአገራቸው ስም መመዝገቡ ያስመሰግነዋል።

ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶችን እናመለክታለን። አንደኛ፣ ለኮሶ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ የሚሆን የሳይንስ ስም አወጣለት፤ ግሜሊን በ1791 ሐጌኒያ ብሎ በጀርመናዊው ሐገን ስም ሰየመው። እንሰት ግን የአገሩን ስም እንደያዘ ወደ ሳይንስ ገብቷል። ሁለተኛ፣ በብሩስ ሥዕል «ዋልያ» የተባለው ርግብ ነው፤ ሩፔል በ1835 የስሜኑን የዱር ፍየል በዚሁ ስም ጠራው፤ ሁለቱም የሳይንስ ስሞች ዛሬም ይሠራባቸዋል። ስለዚህ ቃሉን ከሥዕሉ ለይቶ የሚወስድ ተርጓሚ ይሳሳታል። ሦስተኛ፣ የዕፅዋቱን ሥዕሎች በአብዛኛው የሣለው ጎንደር ላይ የሞተው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ ሲሆን፣ ብሩስ የራሱ ሥራ አስመስሎ አቅርቧቸዋል።

ከዚህ ቅጽ ቃል የሚወስድ ባልደረባ ቃሉን ከሥዕሉ፣ ከቦታውና ከዓመቱ ጋር አያይዞ ይመዝግብ፤ የሠዓሊውንም ስም አይዝለል።