ሰው በሥራው ላይ፤ ስለ ጥቂት የቆዩና አዳዲስ ፊልሞች አስተያየት

የአንድን ፊልም ዋጋ ለመገመት ሰዎች ልዩ ልዩ ሚዛን ይዘው ይቀርባሉ። አንዱ ታሪኩን፥ ሌላው የተዋናዩን ዝና፥ ሦስተኛው ደግሞ የወጣበትን ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መመልከት ልማድ ሆኖብኛል፤ ይኸውም «በዚህ ፊልም ውስጥ ያሉት ሰዎች እንጀራቸውን የሚበሉት በምን ሥራ ነው? ሥራውስ በእውነት ሲሠራ ይታያልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙው ፊልም ሊመልሰው አይችልም። ሰው ሲያፈቅር፥ ሲዋጋና ሲሞት ይታያል እንጂ ሲሠራ አይታይም። ከዚህ በታች የማነሣቸውን የመረጥኋቸው በዚህ ምክንያት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሣለት የሚገባው፥ ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 ያዘጋጀው «ኢኪሩ» ነው፤ ትርጓሜውም «መኖር» ማለት ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በአንድ ጨጓራ የራጅ ሥዕል ነው። የጨጓራው ባለቤት ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት የክፍል ሹም ነው፤ በአገልግሎት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ካንሰር እንዳለበትም ገና አላወቀም። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሥራ ገበታው አልተለየም፤ ሠርቶ ያስረከበው ነገር ግን አንድም የለም። ከፊቱ የወረቀት ክምር፥ በእጁ ማኅተም፤ ይኸው ነው።

ታዲያ የአንድ ሰፈር ሴቶች፥ ለልጆቻቸው ጤና የማይበጅ የቆሻሻ ውሃ ኩሬ ደርቆ መጫወቻ ስፍራ እንዲሆንላቸው አቤት ለማለት ወደዚህ መሥሪያ ቤት ይመጣሉ። የዋታናቤ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ይመራቸዋል፤ ያም ወደሚቀጥለው፤ የሚቀጥለውም ወደ ወዲያኛው። እንዲህ ሲንከራተቱ ቆይተው በመጨረሻ ወደ ተነሡበት መስኮት ይመለሳሉ። ኩሮሳዋ ይህን ሁሉ የሚያሳየው ሳይቆጣ ነው። አንድ ጸሐፊ ይታያል፥ ቀጥሎም ሌላ ጸሐፊ፤ እያንዳንዱ ጉዳዩ የእርሱ ክፍል አለመሆኑን ያስረዳል። (ይህን ገጽ የሚያነብ የመዝገብ ቤት ሹም ቢኖር ቅር አይበለው።) ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ በራሱ የሚያውቅ ተመልካች በዚህ ስፍራ ይስቃል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የሚቀመጠው ግን ለመሳቅ አይቸኩልም።

ዋታናቤ ሕመሙን ካወቀ በኋላ በመጠጥና በጭፈራ ሊረሳው ይሞክራል፤ አይሆንለትም። ከዚያም ያንን የሴቶቹን ማመልከቻ ከክምሩ ውስጥ መዝዞ ያወጣል። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ቀጥሎ ሰውዬው ሲታገልና ድል ሲያደርግ በተከታታይ ባሳየን ነበር። ኩሮሳዋ ግን ታሪኩን በድንገት ይቆርጥና ከአምስት ወር በኋላ ወደ ዋታናቤ የለቅሶ ቤት ያስገባናል። ሥራውን የምናየው ለቀስተኞቹ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ እየጠጡ ሲያስታውሱት፥ እየተቆራረጠ ነው። ታዲያ ያ ሥራ ምን ሆኖ ተገኘ? ዋታናቤ በየክፍሉ በር ቆሞ ይጠብቃል፤ ከእርሱ በታች ላሉት ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፤ ምክትል ከንቲባው እምቢ ቢለውም ከፊቱ አይሄድም። ሹሙ ራሱ ደጅ ጠኚ ሆነ ማለት ነው። በብዙ ፊልም ጀግና ከሌሎች ከፍ ሲል እንጂ ባለጉዳዮቹ ወደሚቆሙበት ኮሪደር ወርዶ አብሮ ሲቆም አላየሁም። የዚህ ፊልም ታላቅነት በእኔ አስተያየት ሞትን በማሳየቱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ባልደረቦቹም በስካር ሞቅታ እንደ እርሱ ለመሥራት እየተላቀሱ ይማማላሉ። በማግሥቱ ቢሮ ሲገቡ አዲስ ባለጉዳይ ይመጣል፤ እንደ ቀድሞው ወደ ሌላ ክፍል ይመራል። ከመካከላቸው አንዱ ተቆጥቶ ይነሣል፤ ሁሉም ሲያዩት ግን ተመልሶ ይቀመጥና ከወረቀቱ ክምር በስተኋላ ይሰወራል። ያን መቀመጥ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ይህንኑ ታሪክ በ2022 ኦሊቨር ኸርማኑስ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ አዘጋጅ «ሊቪንግ» ብሎ፥ ወደ 1953 ሎንዶን አዛውሮ በእንግሊዝኛ አውጥቶታል። ድርሰቱን ያሰናዳው በ2017 በሥነ ጽሑፍ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው፥ በትውልዱ የናጋሳኪ ሰው የሆነው ካዙኦ ኢሺጉሮ ነው። ቢል ናይ ሹሙን ሆኖ ሲጫወት ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም፤ እጅግ ያማረ ትወና ነው። ይሁን እንጂ 143 ደቂቃ የነበረው ፊልም ወደ 102 ደቂቃ ሲያጥር የጎደለው ደቂቃ ብቻ አይደለም። ያን የለቅሶ ቤት ረጅም ክርክር አሳጥሮ፥ በምትኩ ሟቹ ለአንድ ወጣት ጸሐፊ የተወውን ደብዳቤ ያስነብበናል። ደብዳቤው በአንደበተ ርቱዕ የተጻፈ ነው፤ የሕይወቱንም ትምህርት ቁልጭ አድርጎ ያስረዳል። ጉድለቱም ይኸው ነው። ዋታናቤ ለማንም ደብዳቤ አልተወም፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፥ እኛም አብረናቸው እንከራከራለን። በእንግሊዝኛው ግን መልሱ ታሽጎ በፖስታ ስለሚደርሰን ተረጋግተን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ለዓይን የሚያምረውን የፈለገ ሁለተኛውን ይመልከት፤ ቢሮ የሚገባ ሰው ግን የመጀመሪያውን ሳያይ አይቅር።

ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ በ2023 ያወጣው «ፐርፌክት ዴይስ» የቶኪዮን የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ስለሚያጸዳ ሰው ነው፤ ዋናው ተዋናይ ኮጂ ያኩሾም በዚያው ዓመት በካን የተዋናዮችን ሽልማት ወስዶበታል። እጁ ሲሠራ በትዕግሥት ይታያል፤ ዓይን ከማያየው ስፍራ እድፍ እንዳይቀር በትንሽ መስታወት ሲመረምር ማየት ያስደስታል። ነገር ግን መጸዳጃ ቤቶቹ ስመ ጥር አርክቴክቶች የሠሯቸው ናቸውና አስቀድሞም የጸዱ ይመስላሉ። የጽዳት ሠራተኛ ድካም እኮ የሌላውን ሰው ነውር በየዕለቱ ማየት ነው! ያን ከፊታችን ሸሽገው ሰውዬው ደስተኛ መሆኑን ብቻ ቢነግሩን፥ ደስታው በምን ዋጋ እንደ ተገኘ አናውቅም።

በዚያው ዓመት ስለ ወጣው ስለ ሪድሊ ስኮት «ናፖሊዮን» ብዙ የምለው የለኝም። መድፉ ይጮኻል፥ ፈረሱ ይወድቃል፤ ሰውዬው አገር ሲያስተዳድርና ሕግ ሲያወጣ ግን አይታይም ማለት ይቻላል።

ስለ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) ብዙ ስለ ተባለ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባልና ሚስት ብስክሌታቸውን ለማስለቀቅ አንሶላቸውን በመያዣ ያስይዛሉ። ሠራተኛው አንሶላውን ተቀብሎ በመደርደሪያው ላይ ወደ ላይ ሲወጣ፥ እስከ ጣራው ድረስ የሌሎች ሰዎች አንሶላ ተከምሮ እናያለን። የሮማ ድኽነት በዚህች ቅጽበት ያለ አንድ ቃል ተነገረ።

የሕንዱ ሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን እስከ 1955 ድረስ የሠራው የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ ሳለ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅበት የሚስቱን ጌጥ እስከ ማስያዝ ደርሷል፤ በኋላም የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ረዳው። የፊልሙ ስም የመንገድ መዝሙር ማለት ስለሆነ ወጪው በመንገድ ማሻሻያ ሒሳብ ተመዘገበ ይባላል። ኦዲተሩ ምን እንዳለ አልተጻፈም፤ መንገዱ ግን ሩቅ አድርሷል። አባትየው ሥራ ፍለጋ ሲሄድ እናትየው በቤት የምትሠራው፥ ማብሰሉም ውሃ መቅዳቱም፥ አንድም ሳይዘለል ይታያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ኃይሌ ገሪማ በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በሚወድቅበት ዓመት ቀርፆ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዮቹም አብዛኞቹ ትወናን ሙያቸው ያላደረጉ ሰዎች ናቸው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ይረዝማል የሚሉ አሉ። እኔም እርሻው መቼ ሊያልቅ ነው ያልሁበት ጊዜ ነበር፤ ገበሬውም በሬዎቹን እየነዳ የሚጠይቀው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ጥማዱ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ሲመለስ ካሜራው ቸኩሎ አይቆርጥም። የምተቸው ባለ መሬቱን ነው፤ ተቀምጦ ከመሳደብ በቀር ሌላ ጠባይ አልተሰጠውምና፥ በመጨረሻ በከበበ እጅ ሲገደል የሚሞተው ሰው ሳይሆን ሥርዓት ይመስላል። አዘጋጁ የፈለገው ይህንኑ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ቢሆን ግን ሞቱ ይበልጥ በከበደን ነበር።

ያሬድ ዘለቀ በ2015 ያወጣው «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከአባቱ ተለይቶ በዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ በጉም አብራው አለች። ካሜራው ተራራውን ሲያይ ይዘገያል፤ የአገሩ ውበት ለውጭ ተመልካች የተዘረጋ እስኪመስል ድረስ። ልጁ ግን የሚወደው ወጥ መሥራት ነው፤ አጎቱ ይህን የሴት ሥራ ነው ብሎ ይጸየፈዋል። ኤፍሬም ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ሲወጣ፥ ሥራው የልጅ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ስንቅ ይሆናል፤ በዚያ ስፍራ ተራራው ሁሉ ይረሳል። አዘጋጁ ከምድጃው አጠገብ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይልን በወደድሁ ነበር።