ሰበቃ በሌለው መድረክ ላይ መራመድ፦ የአንድ ጥያቄ አቀራረብ ሲመረመር

በሞመንተም ትምህርት ከሚዘወተሩት ጥያቄዎች አንዱ ሰበቃ በሌለው ተንሳፋፊ መድረክ ላይ ስለሚራመድ ሰው የሚቀርበው ነው። ጉድለቱ የሚጀምረው ከመነሻው ዐረፍተ ነገር ነው። ሰበቃ የሌለው በመድረኩና በውሃው መካከል እንጂ በእግርና በመድረኩ መካከል አይደለም፤ በዚህኛው ባይኖርማ ሰውየው አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ ባልቻለ ነበር። ይህን ያልለየ ጥያቄ አስተዋዩን ተማሪ ያደናግራል፤ ቀመር ሸምዳጁን ግን አይነካውም።

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 120 ኪሎ ግራም በሚመዝን መድረክ ላይ፣ ሁለቱም ከዕረፍት ተነሥተው፣ በመድረኩ አንጻር በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢራመድ፣ ከዳር ለሚመለከት ሰውየው በሰከንድ 1 ሜትር ወደ ፊት፣ መድረኩ 0.5 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ሞመንተማቸው እርስ በርሱ ተጣፍቶ ዜሮ ይሆናል። የተለመደው አቀራረብ እዚህ ላይ ያበቃል። የእንቅስቃሴው ጉልበትስ? የሰውየው 30፣ የመድረኩ 15፣ በድምሩ 45 ጁል ነው። ሞመንተም አቅጣጫ ስላለው ተጣፋ፤ ጉልበት አቅጣጫ ስለሌለው ተደመረ። 45ቱ ጁል ከሰውየው ጡንቻ የመነጨ ነው፤ ሰውየው ሲቆም መድረኩም አብሮት ይቆማል፣ ጉልበቱም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የትምህርቱ ፍሬ ይህ ሆኖ ሳለ መዘለሉ ያሳዝናል።

የጣና የደንገል ታንኳ በምሳሌነት ቢጠቀስ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ውሃው ስለሚገታው የሂሳቡ ውጤት በትክክል እንደማይታይበት ለተማሪው ሊነገረው ይገባል። ለገላን ወይም ለሰበታ ክፍል በክብ ቧንቧዎች ላይ የተጋደመ ሳንቃ ይበቃል። የሚራመደውን ተማሪ እንዳይወድቅ ጓደኛው በቅርብ ይጠብቀው፤ የቀሩት ደግሞ ሳንቃው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሸሽ አስቀድመው ይገምቱ።