ቁጥሩ የሚያየውና የማያየው፦ ስለ ደላቢ ከብት ማንከስና ስለ መመዘኛዎቹ

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የከብት ማድለቢያዎች ከሳንባ በሽታ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚያጋጥመው ሕመም ማንከስ ነው። ያነከሰ ሰንጋ ወደ ገንዳው ለመምጣት ስለሚዘገይ መኖው ያንሰዋል፤ መኖ ያነሰውም ሥጋ አይጨምርም። የባለቤቱ ኪሳራ ከመቈጠሩ በፊት ግን የእንስሳው ሥቃይ አለ። ስለዚህ ማንከስን በቁጥር ለመመዘን ልዩ ልዩ ደረጃዎች ወጥተዋል፤ ከእነዚህም ሁለቱን በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ዓላማችን ለማጣጣል አይደለም፤ እኛም በትምህርታችን የምንሠራባቸው ስለ ሆኑ፥ እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግሉ ለመረዳት ነው።

የመጀመሪያው ስፕሬቸርና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ 5 ደረጃ መመዘኛ ነው። ላሚቱ ስትቆምም ስትሄድም ጀርባዋ ቀጥ ያለ ከሆነ 1 ይሰጣታል፤ ስትቆም ቀጥ ብሎ ስትሄድ ከጐበጠ 2፤ በሁለቱም ጊዜ ጐብጦ እርምጃዋ ካጠረ 3 ነው። በ4 ላይ አንድ አንድ እርምጃ እየለየች፥ የታመመውን እግር እያዳነች ትራመዳለች፤ 5 ያገኘችው ግን እግሯን መሬት ለማስረገጥ ትቸገራለች። የዚህ መመዘኛ መልካምነቱ ግልጽ ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም፤ ደግሞም በግልጽ ከማነከሷ በፊት ጀርባዋን በማየት ሕመሙን ለማወቅ ይረዳል።

ነገር ግን መመዘኛው የተወለደው ለወተት ላም ነው፤ ዓላማውም ላሚቱ ወደ ፊት የምትወልድበትን ሁኔታ አስቀድሞ ለማመልከት ነበር። የወተት ላም በየቀኑ ወደ ማለቢያው ስትመላለስ በተመልካች ፊት አንድ በአንድ ታልፋለች። ደላቢው ወይፈን ግን ገንዳው ከፊቱ ነው፤ የሚሄድበት የለውም፤ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ተፋፍጎ ይቆማል፤ በዝናብ ጊዜም እግሩ በጭቃና በእበት ይሸፈናል። እንግዲህ «ሲሄድ» የሚለው የመመዘኛው ግማሽ ክፍል በማድለቢያ ውስጥ ሳይታይ ይቀራል።

ይህ በእኛም ላይ ደርሷል። የቦረና ወይፈኖች ለውጭ ገበያ ከሚደልቡባቸው፥ በአዳማ አካባቢ ካሉት በረቶች ወደ አንዱ ለልምምድ ሄደን ነበር። በገንዳው አጠገብ ቆሞ የሚበላውን አንዱን ወይፈን አይተን፥ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው ብለን 1 ጻፍንለት። ከብት ጠባቂው ሽማግሌ ወረቀታችንን አይተው፥ «ልጆቼ፥ ከገንዳ ላይ ያለ ከብት ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ እስቲ አስነሡትና እዩት» አሉን። በደረቁ መሬት ላይ ብናስኬደው የኋላ ግራ እግሩን በጣቱ ጫፍ ብቻ ያስነካ ነበር። የተሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን የቆምንበት ስፍራ ነበር፤ ቢሆንም በመዝገባችን ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ወይፈኑ ሳይታከም በከረመ ነበር።

ሁለተኛው በሰሜን አሜሪካ የሥጋ ኢንስቲትዩት መመሪያ ውስጥ ያለው ባለ 4 ደረጃ መመዘኛ ነው። ይህ ለሚታረዱ ከብቶች የወጣ ስለ ሆነ ከእኛ ጉዳይ ጋር ይቀራረባል። ያለ ችግር የሚሄደው 1 ነው፤ ጥቂት ቢያነክስም ከጤነኞቹ እኩል የሚጓዘው 2፤ ወደ ኋላ የሚቀረው 3፤ ቢነዱትም ለመንቀሳቀስ እጅግ የሚቸገረው 4 ነው። ለነጂና ለጠባቂ ይህን የመሰለ ቀላል ነገር የለም። ነገር ግን እንስሳውን የሚመዝነው በጓደኞቹ እርምጃ ነው፤ ጓደኞቹ ሁሉ የታመሙ እንደ ሆነስ? በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ታይሰን የተባለው የሥጋ ኩባንያ ወደ ማረጃው የሚመጡ አንዳንድ ከብቶች ለመሄድ እንደሚቸገሩ ገልጾ፥ ዚልማክስ የተባለውን የሥጋ ማብዣ የበሉትን እንደማይገዛ አስታወቀ። ምክንያቱ በእርግጥ እንዳልታወቀ ኩባንያው ራሱ ቢናገርም፥ አምራቹ መርክ በዚያው ወር በአሜሪካና በካናዳ ሽያጩን አቋረጠ። አንድ መንጋ በጠቅላላው ሲዘገይ «ከጤነኞቹ እኩል» የሚለው ቃል መለኪያነቱ ይጠፋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጉድለት ግን ሁለቱም መመዘኛዎች ምክንያቱን አለመናገራቸው ነው። በጣቶቹ መካከል ባለው ቆዳ ቁስል ገብተው የሚያበሰብሱት ጀርሞች እግሩን ከግራና ከቀኝ እኩል ያሳብጡታል፤ ክፉ ሽታም ያመጣሉ፤ ይህ ቶሎ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል። በጭነትና በማጎሪያ ጊዜ ተደናግጦ በሻካራ ሲሚንቶ ላይ ሰኮናውን የፈገፈገው ግን ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ቈይቶ ያነክሳል፤ እብጠቱ አይታይም፤ ጣቱ ጫፍ ውስጥ ግን መግል ይዟል። ከሣር ወደ እህል በድንገት የተዛወረው ደግሞ ጨጓራው አሲድ ያበዛና የሰኮናው ውስጥ ይቈጣል። አራቱም እግር ሲታመም የትኛውን ያድናል? ስለዚህ ሳያነክስ እርምጃውን ብቻ ያሳጥራል። እነዚህ 3 ከብቶች አንድ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየብቻ ነው። ሁሉንም «የእግር መበስበስ» ብሎ መርፌ መውጋት መድኃኒት ማባከን ነው፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣም መታረጃው ቀን ይራዘማል።

ስለዚህ ቁጥሩ የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም እንላለን። ከብቱ ከመኪና ሲወርድ በደረቅ ስፍራ ይሂድ፤ በየቀኑም መኖ ሲቀርብ ማን እንደ ዘገየ ይታይ፤ ያነከሰውም ታስሮ እግሩ ይነሣ፤ ሰኮናው ታጥቦ ይመርመር። ከቁጥሩ አጠገብ የትኛው እግር እንደ ሆነ፥ እብጠት መኖሩና ከብቱ በረት ከገባ ስንት ቀን እንደ ሆነው ይጻፍ። ይህ 3 መስመር ብቻ የሚጨምር ሥራ ነው። እኛም በሚመጣው ልምምዳችን እንዲህ አድርገን ለመመዝገብ ቈርጠናል፤ ከእኛ የበለጠ ልምድ ያላቸው አንባቢያን ስሕተታችንን እንዲያርሙልን በትሕትና እንለምናለን።