ግንቡን ቀንሳችሁ ፊቱን እዩ

ለዕረፍት ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ የሚሄድ ቤተሰብ ፎቶ አንሺ የመረጠ ሲመስለው፣ ብዙ ጊዜ የመረጠው ቦታውን ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ሆኖ፣ ጉዞው ሳይደርስ በስልኩ ሃያ ያህል ፎቶ ያያል፤ ሁሉም ያምራሉ፤ ቀብድ ይልካል። ያማሩት ግን በፎቶ አንሺው ብርታት ላይሆን ይችላል። የፋሲል ግንብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ የማታ ፀሐይ ስታርፍበት ማንም በምንም ካሜራ ቢያነሳው ያምራል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም ከላይ ወደ ታች ሲታይ የመስቀል ቅርጹ ብቻውን ዓይን ይይዛል። በርበሬ የበዛበት ወጥ የሥጋውን ጉድ እንደሚሸፍን፣ ውብ ቦታም የፎቶ አንሺን ድክመት ይሸፍናል። ስለዚህ የዕረፍት ጊዜ ፎቶ አንሺን መመዘን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቦታውን ከፎቶው ላይ ይቀንስ፤ ግንቡን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ የቀረውን ይይ። የሚቀረው ፊት፣ እጅ፣ ልብስና በሰዎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ግንቡንማ የመግቢያ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ያየዋል።

መመዘኛው የቆየ ነው። በአዲስ አበባ የድሮ ፎቶ ቤቶች ከተነሺው ጀርባ የሚታየው ሥዕል የተሳለበት መጋረጃ ወይም ባዶ ግድግዳ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለቤተ መንግሥት ሲያነሱ የኖሩት የአርመን ተወላጆቹ ቦያጂያኖችም ሆኑ በየሰፈሩ ፎቶ ቤት የከፈቱት ባለሙያዎች ከቦታ የሚበደሩት ውበት አልነበራቸውም። የነበራቸው አንድ ወንበር፣ ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃንና የተነሺው ፊት ነው። ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የአያቶቻችን ፎቶዎች ዓይናችንን የሚይዙት በዚህ ነው፤ መጋረጃው ላይ የተሳለው አበባ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

በእኛ አገር ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ነጭ የሀበሻ ልብስ የለበሰ ጠይም ወይም ጥቁር ሰው ፀሐይ ላይ ማንሳት ነው። ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ቀሚሱና ነጠላው ፎቶውን ሲሞሉት ካሜራው «እዚህ ብርሃን በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ፎቶ አንሺው ፊቱን ለማዳን ብርሃኑን ሲጨምር ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ክሩ፣ እጥፋቱ፣ የጥበቡ ቀለም ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ የናሙና ፎቶ ሲላክላችሁ መጀመሪያ ትከሻው ላይ አጉልታችሁ የሽመናው ክር መታየቱን ተመልከቱ። ከዚያ በዚያው ፎቶ ጉንጩን አጉሉና ብርሃኑ ወደ ጥላው ቀስ እያለ የሚሻገር መሆኑን እዩ። ሁለቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ ከተገኙ ሰውየው ብርሃን ያውቃል። «እሱ በኤዲት ይስተካከላል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ግማሽ እውነት ነው። የጨለመ ፊት በኤዲት ሊነሳ ይችላል፣ ምንም እንኳ ቆዳው ላይ አሸዋ የተበተነበት ቢመስልም። የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም፤ ካሜራው የሚችለውን ያህል ሞልቶ ፈስሷልና በፋይሉ ውስጥ የሚመለስ ክር የለም። ጎበዝ ፎቶ አንሺ መፍትሔውን ከቦታው ያመጣል፤ ሰውየውን ወደ ጥላ ያስገባዋል፣ ወይም ፀሐይዋን ከጀርባው ያደርጋትና ነጠላውን ወደ ደረቱ ያጥፈዋል። ነጩ ጥጥ ብርሃኑን ወደ አገጩና ወደ ዓይኑ ይመልሰዋል። ውድ መሣሪያ የሚሠራውን ሥራ ነጠላ በነጻ ይሠራል ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ የሰፈር ፎቶ አንሺዎች ድክመት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ሴት ለረጅም ጊዜ ነጭ ነበረች፤ ፊልሙና እጥበቱ የሚስተካከለው ለእሷ ቆዳ ነበር። ጉግል በበኩሉ ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ያነሳል ያለውን የስልክ ካሜራ አሠራር ያስተዋወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። መሣሪያው እንዲህ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ክፍተቱን የሚሞላው የሰው ዓይን ነው። ክፍተቱን ከመሙላት ይልቅ ቆዳውን በኤዲት የሚያነጣ ግን ሥራውን ሸሽቷል። ይህን ለመያዝ ቀላል ዘዴ አለ፤ ፊትን ከእጅ፣ ከአንገትና ከጆሮ ጋር አስተያዩ። ፊቱ ከእጁ የነጣ ከሆነ፣ ወይም የሰባ ዓመት እናት ግንባር እንደ ሕፃን ከለሰለሰ፣ ሥራው የተሠራው በኮምፒዩተር ነው። «ደንበኛው ራሱ ነው አንጣልኝ የሚለው» የሚሉ አሉ። በሠርግ ሥራ ይህ ግፊት እንዳለ አልክድም። የቤተሰብ ጉዞ ፎቶ ግን ሌላ ግዴታ አለበት። ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚከፍተው የአያቱን ፊት ከራሱ ፊት ጋር ሊያመሳስል ነው፤ መልኳ ተቀይሮ ከጠበቀው የተወሰደበት ነገር አለ።

በኤዲት ቀለም ላይም ቦታው ራሱ ይመሰክራል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ቀላ ካለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የጎንደር ግንቦች ግን ቡናማ ናቸው። በአንድ ፎቶ አንሺ ሥራ ውስጥ ሁለቱም እኩል ብርቱካናማ ከሆኑ፣ ሰማዩም በየቦታው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሰማያዊ ከሆነ፣ ያየውን ሳይሆን ከሌላ ሰው ገዝቶ የጫነውን ቀለም ነው የሚሸጥላችሁ። የጥበቡ አረንጓዴ ወደ ቡናማ መሄዱም ሌላ ምልክት ነው።

ሰዓት ላይ ሲደረስ ባለሙያውና አማተሩ ይለያያሉ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ አውሮፓ ውስጥ በበጋ ለሰዓታት የሚዘልቀው ለስላሳ የምሽት ብርሃን እዚህ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው። በጎንደር በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የተነሳ ሰው ዓይኑ ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። «በማንኛውም ሰዓት ይቻላል» ብሎ የሚመልስ ፎቶ አንሺ ወይ ብርሃን አያውቅም፣ ወይ ደንበኛ እንዳያመልጠው ፈርቷል። ጥሩው «ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ እንገናኝ፤ መጀመሪያ ጥላው ጋ እንጀምራለን» ይላችኋል። (ከውጭ የሚመጣ ሰው ቀጠሮውን በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በሌላው አቆጣጠር በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ስድስት ሰዓት መሳት ቀኑን ያሳጣል።) የክረምት ጉዞ ደግሞ ብዙዎች እንደሚፈሩት ለፎቶ መጥፎ አይደለም፤ ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ነጠላውም አይቃጠልም። ላሊበላ የራሷ አመል አላት። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ታች ለቆመ ሰው ብርሃን የሚመጣው ከላይ ብቻ ነው፤ ዓይን ይጨልማል። አዋቂው ሰውየውን ፀሐይ ካረፈበት ግድግዳ ትይዩ ያቆመዋል፣ ግድግዳው ብርሃን እንዲመልስለት። በዓይን ብሌን ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ፈልጉ፤ ካለች ታስቦበታል። ቤተ መድኃኔ ዓለምን የመሳሰሉት ከላያቸው ትልቅ መጠለያ የተሠራላቸው አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የመጠለያው ምሰሶ ፎቶ ያበላሻል ተብለው ይታለፋሉ፤ ነገር ግን ከመጠለያው ሥር ቀትርም ቢሆን ለፊት የሚስማማ ጥላ ይገኛል። እዚያ የተነሳ ጥሩ ፎቶ ያለው ሰው ከአንድ የፖስታ ካርድ ማዕዘን ወጥቶ አስቧል።

ይህን ሁሉ ለማየት ግን የተመረጡ ሃያ ፎቶዎች አይበቁም። ከሃያ የተለያዩ ቀጠሮዎች አንድ አንድ ፎቶ መልቀም ለማንም ይቻላል። መጠየቅ ያለበት የአንድ ቤተሰብ ሙሉ አልበም ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ የሕፃኑ ልቅሶ፣ የአባት መሰላቸት፣ ፀሐይዋ የከረረችበት ደቂቃ ሁሉ ያለበት። ጎበዝ ባለሙያ የሚለየው ከፍ ባለበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ሲል የት ድረስ እንደሚወርድም መታየት አለበት። «የሌላ ደንበኛ ገመና አላሳይም» የሚል መልስ ቢመጣ ክብር ይገባዋል፤ ልጆች ያሉበት አልበም ያለ ወላጅ ፈቃድ ሊዞር አይገባም። ሆኖም ለዓመታት የሠራ ሰው ፈቃድ የሰጠው አንድ ቤተሰብ አያጣም። ብዛትም አያታልላችሁ። በአንድ ሰዓት ሦስት መቶ ፎቶ አስረክባለሁ የሚል ሰው መምረጥን ለእናንተ ትቶላችኋል፤ መምረጥ ደግሞ የሙያው ግማሽ ነው።

«እኛ የሄድነው ለቦታው ነው፤ ግንቡ ካልታየ ምኑን ጎንደር ሆነ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የበረታው ነው፤ ልክም ነው። ግንቡ ይታይ። ጥያቄው እንዴት ይታይ የሚለው ነው። ልምድ የሌለው ቤተሰቡን ግንቡ ሥር ያስጠጋና በሰፊ ሌንስ ከቅርብ ያነሳል፤ ዳር የቆሙት ሰዎች ይለጠጣሉ፣ ግንቡም ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። የገባው ግን ቤተሰቡን ከግንቡ ያርቅና እሱም ወደ ኋላ ሄዶ በረጅም ሌንስ ያነሳል፤ ግንቡ ከጀርባቸው ገዝፎ ይቆማል፣ ፊታቸውም ፊት ሆኖ ይቀራል። ቦታውን ለመቀነስ የሞከረው ዓይን ቦታውን በክብር የሚመልሰው እንዲህ ነው። ሌላም አለ፤ የፋሲል ግቢ 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ ነው፤ በአንድ ሰዓት ሁሉንም ማዕዘን ለማዳረስ የሚሮጥ ፎቶ አንሺ ሰው ሳይሆን ድንጋይ ሰብስቦ ይመለሳል። ሁለት ቦታ ይበቃል። «ስልካችን ይበቃናል» ለሚሉም፣ በጥሩ ብርሃን እውነት አላቸው። ስልክ የሚሰናከለው ጀርባን በሰው ሠራሽ መንገድ ሲያደበዝዝ ነው፤ የሹሩባውን ጫፍና የነጠላውን ዘርፍ አጉልታችሁ ብታዩ ተበልተው ታገኟቸዋላችሁ።

ከፎቶው ውጭ የሚመዘን ነገርም አለ፣ እሱም ወደ ፊት ይመለሳል። ሰው በተከበረበት ፊቱ ይፈታል። እናትን «አንቱ» ብሎ፣ ወንበር ፈልጎ አስቀምጦ፣ ደረጃ ሳያስወጣ የሚሠራ ልጅ የሚያገኘው ፊት፣ «ፈገግ በሉ! ፈገግ!» እያለ ከሚጮኸው ይለያል። ላሊበላ ደግሞ ከምንም በፊት የጸሎት ቤት ናት። ሰው እየጸለየ ሳለ መሀል ገብቶ ፖዝ የሚያስደረድር፣ በቅዱሳን ሥዕሎች ላይ ፍላሽ የሚተኩስ፣ ጥር 11 በጥምቀት ሕዝብ መሀል የጎንደሩን የፋሲል መዋኛ ለብቻችሁ አመቻቻለሁ የሚል ሰው፣ የእናንተንም ክብር ነገ እንዲሁ ያደርገዋል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል መሆኑን ሳይነግራችሁ ድሮን የሚጨምርላችሁም ጣጣውን ለእናንተ ነው የሚተወው። የውሉ ነገር አጭር ነው፤ ስንት ፎቶ፣ በስንት ቀን፣ የልጆቻችሁ ፎቶ ለማስታወቂያ ይውላል ወይስ አይውልም፣ ብርሃኑ ቢበላሽ ቀጠሮው ይዛወራል ወይስ አይዛወርም። በጽሑፍ ይሁን።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። ሙሉ አልበም መጠየቅ ለጀማሪዎች በር ይዘጋል። እውነት ነው፤ በየከተማው ከነባሮቹ የተሻለ ዓይን ያላቸው ወጣቶች አሉና ነገሩ ያሳስባል። ለእነሱ የሚሆን ሌላ ሚዛን አለ፤ ከዋናው ቀጠሮ በፊት ባለው ቀን፣ በቀትር፣ ባረፋችሁበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲያነሳችሁ ጠይቁት። ግንብ የለም፣ የማታ ፀሐይ የለም፤ የበረንዳ ጥላ፣ ነጭ ነጠላና እናታችሁ ብቻ። ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት ወንበሯን ከፀሐይ ወደ በረንዳው ጠርዝ ካዞረላት በማግስቱ ግንቡ ፊት ልታቆሙት ትችላላችሁ። የዚያን ግማሽ ሰዓት ዋጋ ግን፣ ብትመርጡትም ባትመርጡትም፣ ክፈሉት።